የአባቴ ካርቶን፦ 63 ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የመገልበጥ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካርቶኑን ዛሬ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩት። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመት አልፎታል። እናቴ ለፋሲካ ቤቱ በጸዳ ቁጥር አቧራውን ትጠርግለትና መልሳ ትሰቅለዋለች እንጂ ከፍታው አታውቅም። ሳሎኑ ወለል ላይ አንሶላ አንጥፌ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ደረደርኳቸው፤ 63 ናቸው። 22ቱ ከሙዚቃ ቤት ከነሽፋናቸው የተገዙ፣ 30ዎቹ አባቴ ከሬዲዮና ከጓደኞቹ የገለበጣቸው፣ 11ዱ ምንም ያልተጻፈባቸው። በየካሴቱ ላይ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ለጠፍኩ፤ በደብተርም መዘገብኳቸው፦ ቁጥር፣ በሽፋኑ የሰፈረው ጽሑፍ፣ የክሩ ርዝመት በደቂቃ፣ ያለበት ሁኔታ።

የተገዙት የልጅነቴ ድምፆች ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ካሳ ተሰማ ከነክራሩ፣ አስቴር አወቀ። አባቴ የሸክላ ዘመን ሰው ነበር፤ አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳትማቸው የነበሩትን ትንንሽ ሸክላዎች በተማሪነቱ ከኪሱ ቆጥቦ ይገዛ እንደነበር ደጋግሞ አጫውቶኛል። ከእነርሱ አንድም በቤታችን አልቀረም። ከአብዮቱ በኋላ ሸክላው ቀስ በቀስ ከገበያ ሲጠፋና ካሴት ቦታውን ሲይዝ እርሱም ወደ ካሴት ዞረ። ካሴት ደግሞ ሸክላ ያልነበረውን ነገር አመጣለት፤ በገዛ እጁ መቅዳት ቻለ።

ሐሳቤ በሚታወቁት ዘፋኞች ጀምሬ፣ ያልተጻፈባቸውን 11 ካሴቶች ለመጨረሻ ማቆየት ነው።

ጥቅምት 5

ያልሆነ ቀን። ከጎረቤት አንድ የእጅ ቴፕ ተዋስኩና ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ወደ ላፕቶፑ የማይክሮፎን ቀዳዳ በገመድ አገናኘሁት። ድምፁ ገባ፤ ግን ክራሩ እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ይንጫጫል፣ የግራና የቀኝ ልዩነት የሚባል ነገርም የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የድምፁን መጠን ከፍና ዝቅ ሳደርግ ከቆየሁ በኋላ ነገሩ ገባኝ። የማይክሮፎን ቀዳዳ የተሠራው ከማይክሮፎን ለሚመጣ እጅግ ደካማ ምልክት ነው፤ ከቴፕ የሚወጣው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል። አንዴ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ ኋላ በምንም ፕሮግራም አይመለስም። በዚያ ላይ የአብዛኛው ላፕቶፕ የማይክሮፎን ቀዳዳ የሚቀበለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ቀይና ነጭ ገመድ የሚሰካበት፣ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የድምፅ ካርድ መግዛት ግድ ነው። ካሴት አጫውቶ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ርካሽ ትንሽ ማጫወቻም በገበያ አየሁ። አልወሰድኩትም። የክሩ ፍጥነት የሚዋዥቅ ማሽን ላይ የተገለበጠ ዘፈን ለዘለዓለም እንደ ዋዠቀ ይኖራል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ በቅድሚያ ለማጫወቻው ይውጣ።

ጥቅምት 10

እሑድ ስለሆነ ትናንት ቅዳሜ ነው መርካቶ የወረድኩት። ያገለገሉ ቴፖች ከሚደረደሩበት ስፍራ ሁለት ካሴት የሚይዝ፣ ዴክ የሚባል ትልቅ የጃፓን ካሴት ማጫወቻ አገኘሁ። ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ካሴቱ ግን አይዞርም። ሻጩ ለዚህ ብሎ ዋጋውን ቀነሰልኝ።

ዕቃውን ይዤ አባቴ ቴፑን ያሠራበት ወደነበረ ጠጋኝ ሄድኩ። አሁን ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ የሚሠሩት ስልክ ነው፣ የቴፕ መሣሪያቸውን ግን አልጣሉም። ካቻቢቴውን አንስተው ክዳኑን ከፈቱና ውስጡን አሳዩኝ። ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ቀልጦ ጥቁር ሬንጅ ሆኗል፤ ጣታቸውን ሲያስነኩት እንደ ማር ተሳበ።

«ይህ ማሽን አልተበላሸም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሳይሠራ ስለ ቆየ ነው። ጎማ ተቀምጦ ይሞታል።»

«ቺንጋው ይገኛል ጋሼ?»

«ልኩ ከተገኘ። ከወፈረ ይከብደዋል፣ ከላላ ደግሞ ዘፈኑን ያንገዳግደዋል።»

ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ቺንጋ መርጠው ገጠሙለት። ሬንጁን በአልኮል እየፈተጉ ሲያስለቅቁ ግማሽ ቀን አለፈ። ከዚያ ድምፅ አንባቢውን፣ እነርሱ ሄድ የሚሉትን፣ በጆሮ ጥጥና በአልኮል ጠረጉት፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ይህ ቡናማ ነገር ከክሩ ላይ የረገፈ የብረት ዝገት ዱቄት ነው፣ ድምፁን የሚይዘው እርሱ ራሱ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል 30 በመቶው ውኃ ስለሆነ ከኬሚካል መሸጫ ንጹሑን እንድፈልግ፣ ክሩን በሚጎትተው የጎማ ጥቅልል ላይ ግን አልኮል እንዳላበዛ መከሩኝ፤ ጎማውን ያደርቀዋል።

ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ማረፉን አልሰሙም ነበር። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ፤ የቺንጋውን እንጂ የድካማቸውን ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ጥቅምት 17

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ዛሬን በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በዚያ ስፋት ላይ የአንደኛው ፊት ግራና ቀኝ፣ የሁለተኛው ፊት ግራና ቀኝ፣ በድምሩ አራት መስመሮች ይተኛሉ። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፊሊፕስ ይህን ካሴት በ1963 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሲያስተዋውቅ ለሙዚቃ የታሰበ አልነበረም፤ ለንግግር መቅጃ ነው የተባለው። ስለዚህ በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ጥቂት መዛነፍ ብዙ ያጠፋል።

መጀመሪያ ፍጥነቱ። ጠጋኙ አንድ የመፈተኛ ካሴት አውሰውኛል፤ ያለበት 3,150 ኸርዝ የሆነ አንድ ወጥ ፉጨት ብቻ ነው። በዴኬ ላይ አጫውቼ ኦዳሲቲ በሚባል የኮምፒውተር የድምፅ ፕሮግራም ስለካው 3,228 አሳየኝ። ሁለት ከግማሽ በመቶ ይፈጥናል ማለት ነው። ጆሮ ይህን ወዲያው አይለየውም፤ ጥላሁን ግን ትንሽ ቀጭን፣ ትንሽ ችኩል ይሆናል። በሞተሩ ጀርባ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብቼ በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ፤ 3,190፣ 3,140፣ ከዚያ 3,155 ላይ ቆመ። በዚህ ረካሁ።

ቀጥሎ የሄዱ ዘንበል ማለት። ሄዱ ላይ ዐይን የማያያት ቀጥ ያለች ስንጥቅ አለች። ስንጥቋ ከክሩ ጉዞ ጋር ፍጹም ማዕዘን ካልሠራች ቀጫጭኖቹ ድምፆች፣ የከበሮው ሳህን፣ የ«ሰ» እና የ«ጸ» ፉጨት፣ የክራሩ ጅማት ሲነካ የሚሰማው ጥፍር፣ ይጠፋሉ፤ ዘፈኑ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚሰማ ይመስላል። ችግሩ እያንዳንዱ ካሴት የተቀዳበት ማሽን የራሱ ዝንባሌ ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አስተካክሎ መተው የለም፤ በየካሴቱ መስተካከል አለበት። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ የታቀፈች ብሎን አለች። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደምሬ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ፣ ብሎኗን ከስምንተኛ ዙር ባነሰ መጠን ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርስ መጋረጃ እንደ ተገለጠ ድምፁ ይበራል።

ለኮምፒውተሩ የመረጥኩት 48 ኪሎ ኸርዝ (ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ መለካት) እና 24 ቢት (የእያንዳንዱ ልኬት ዝርዝርነት) ነው። በዚህ መጠን የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር ዝቅተኛው 48 ይሁን፣ የተሻለው ግን 96 ነው ይላል። ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ካሴት ከ15 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሚይዘው ቀጭን ድምፅ እምብዛም ስለሆነ ለእነርሱ 48 በቂ ነው ብያለሁ። የድምፁ ከፍታ ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ተውኩት፤ በ24 ቢት ሲቀዳ ዝቅ ማለቱ ጉዳት የለውም፣ ጣሪያውን መንካቱ ግን አይታረምም።

ጥቅምት 20 – 29

በየማታው እስከ ሁለት ካሴት። ከካሴት 1 እስከ 13፣ ከዚያ 15፣ 16 እና 17። በደኅና አለቁ።

ከሬዲዮ ከተቀዱት አንዱ፣ ቁጥር 16፣ ዴኩ ተስተካክሎም ቢሆን ዘፋኙን ያስቸኩለዋል። ማጫወቻዬ ልክ ከሆነ ጥፋቱ በአባቴ ቴፕ ላይ ነው፤ ሲቀዳ ዘግይቶ ዞሯል። ምን ያህል እንደ ዘገየ ማን ይነግረኛል ብዬ ሳስብ መልሱን ከዘፈኑ ሥር አገኘሁት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ከሶኬት የሚሠራ ሬዲዮና ቴፕ ደግሞ ያንን እምምታ፣ የማያቋርጠውን ወፍራም ድምፅ፣ ከነእጥፎቹ፣ 100 እና 150ን ጨምሮ፣ ክሩ ላይ ይተዉታል። በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ዝምታ ብቻ ለይቼ ስለካው 150 ላይ መገኘት የነበረበት እምምታ 154.5 ላይ ተቀምጧል። ሦስት በመቶ። በዚያው ልክ አዘገየሁት፤ ዘፋኙ ወደ ደረቱ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ስረግመው የኖርኩት እምምታ የሰዓት ምስክር ሆነልኝ።

አንድ ወዳጄ የተገለበጡትን ዘፈኖች በኢንተርኔት እንድለቅቃቸው ጠየቀኝ። አላደርገውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለግሉ እንዲገለብጥ ይፈቅዳል፤ ማሰራጨት ግን የባለመብቱ ፈንታ ነው። ዘፋኞቻችን በካሴት ዘመን ከኮፒ ገልባጮች ብዙ ተጎድተዋል፤ እኔ በሌላ መሣሪያ ልደግመው አልፈልግም።

ኅዳር 1

ካሴት 27 ሻግቷል። በመስኮቱ በኩል ሲታይ የክሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ተኝቷል። እንዲህ ያለው ዴክ ውስጥ ከገባ ሻጋታውን ለሚቀጥሉት ሁሉ ያድላል። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በረንዳ ላይ አምስቱን ብሎኖች ፈታሁ፣ ጠርዙን ለስላሳ በሆነ የሥዕል ብሩሽ በደረቁ ጠረግሁ፣ ከዚያ ክሩን አልኮል በነካ ጨርቅ መካከል እያሳለፍኩ በእጄ አጠነጠንኩት። ከአንድ ባዶ ካሴት ሳጥኑን ወስጄ ጥቅልሎቹን አዛወርኳቸው። ከክሩ በስተጀርባ የምትቀመጠው፣ ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ስፖንጅም ወድቃ ስለነበር እርሷንም ከዚያው ከባዶው ወሰድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በመጨረሻ የተሰማው ከሬዲዮ የተቀዳ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። አላዘንኩም፤ ግብ ሲገባ አባቴ ከክፍሉ ውስጥ ሲጮኽ ይሰማል።

በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ የተዘጉ ካሴቶች አሉ፤ እነርሱን በስፌታቸው ላይ ቀስ ብሎ በቢላዋ መፈልቀቅ እንጂ ሌላ መላ የለም። ለተበጠሰ ክር የተለመደውን የቢሮ ስኮች አትጠቀሙ። ሙጫው እየወጣ የሚቀጥለውን ዙር ያጣብቃል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ጠባብ መቀጠያ አለ።

ኅዳር 8

ዛሬ የሥራው ቅደም ተከተል ተገለበጠ።

ካሴት 14ን ዘልዬው ነበር። የጥላሁን ነው፣ የሙዚቃ ቤቱ ማኅተም አለበት፣ ሽፋኑ ጸሐይ በልቶታል። አስቀድሜ ማየት የነበረብኝን ያየሁት ዛሬ ነው። ከሙዚቃ ቤት የሚወጣ ካሴት እንዳይቀዳበት በጀርባው በኩል ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበራሉ። በዚህ ካሴት ላይ የአንደኛው ጥርስ ቀዳዳ በቁስል ፕላስተር ተደፍኗል። አንድ ሰው በላዩ ሊቀዳበት ፈልጎ ነበር።

አስጀመርኩት። መጀመሪያ የሹክሹክታ ጥላ የመሰለ ነገር መጣ፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ያው ቃል በሙሉ ድምፅ ተደገመ። ተጠቅልሎ ለ40 ዓመት የተቀመጠ ክር ላይ አንዱ ዙር በሚነካው ዙር ላይ ጥቂት መግነጢሱን ያትማል፤ ስለዚህ ጮክ ያለ ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ጥላው ይቀድመዋል። የአባቴ ድምፅ ነው፤ «ዛሬ ጥር 21 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ አስተርእዮ ማርያም፣ መንዝ፣ እማማ ቤት ነን» ይላል።

እማማ የእናቴ እናት ናት። ከዚያ ወፍጮው ይጀምራል።

የሚሰማውን በቃል ማስቀመጥ እሞክራለሁ። መጁ ወፍጮው ላይ ወደ ፊት ሲገፋ ረጅም ሻካራ «ሽርርር»፣ ሲመለስ አጭር፣ ከዚያ እህሉ በእጅ ሲገፋ ቅጽበት ያህል ዝምታ። በዚያ ላይ አያቴ ታንጎራጉራለች። ዜማው በመጁ ግፊት ላይ ይወጣል፣ በመልሱ ላይ ትተነፍሳለች። ዘፈኗና ሥራዋ አንድ ትንፋሽ ናቸው። በመሐል ስታቆም ቴፑ ራሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ የዚያ ዘመን የእጅ ቴፖች ዝምታ ሲመጣ መቀበያቸውን በራሳቸው ይከፍታሉ። እርሷ ስትተነፍስ የመንዝ ነፋስ፣ ዶሮ፣ በሩቅ የሚጠራራ ሰው፣ ሁሉም ወደ ፊት ይመጣሉ፤ ስትጀምር ወደ ኋላ ይሸሻሉ። 28 ደቂቃ እንዲህ ነው።

አያቴ በ1981 ዓ.ም. አረፈች። ፎቶግራፏ አንድ አለን። ድምፅዋ አለን ብሎ ያሰበ ግን በቤታችን ማንም አልነበረም።

አባቴ መንዝ ሲሄድ የያዘው ለመንገድ የሚያዳምጠውን የጥላሁንን ካሴት ብቻ ሳይሆን አልቀረም፤ ከሕክምና ሣጥኑ ፕላስተር ቆርጦ በዘፈኑ ላይ ቀዳ። ያ የጥላሁን ካሴት በሺህ በሚቆጠሩ ቤቶች ነበር፤ ዛሬም በሌላ ሰው እጅ ይገኛል። የወፍጮው ግን ይህ ብቻ ነው፤ የትም ኮፒ የለውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ቦታ የሚገኘውን ሳስቀድም፣ ይህ እየረገፈ ቆየ። ከዛሬ ጀምሮ ያልተጻፈባቸው 11 ካሴቶችና ጥርሳቸው የተደፈነ ሁሉ ይቀድማሉ፤ ለእነርሱም 96 ኪሎ ኸርዝ። ካሴት 14ን ዛሬውኑ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፣ ፋይሉንም ቨርጂኒያ ለምትኖረው እኅቴ ላክሁላት።

ኅዳር 9

ስሕተት ሠርቼ ታረምኩ። የክሩን ሹሹታ ላጥፋ ብዬ የኦዳሲቲን ድምፅ ማጽጃ ከፈትኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዘፈን የሌለበትን ጥቂት ሰከንድ «ይህ ጫጫታ ነው» ብለው ያሳዩታል፣ እርሱም ያንን የመሰለውን ሁሉ ከቀሪው ላይ ይቀንሳል። ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወስጄ አሳየሁት። ውጤቱን ስሰማ የአያቴ ድምፅ ብቻውን ባዶ ቦታ ላይ ተንሳፍፏል። ወፍጮው የለም። ለማሽኑ የመጁ «ሽርርር» እና የክሩ ሹሹታ አንድ ናቸው። ወፍጮው ሲጠፋ እንጉርጉሮው መሠረቱን አጣ፤ ለምን እዚህ ቆመች፣ ለምን እዚህ ሳበችው የሚለው ሁሉ መልስ አጣ።

ሰረዝኩት። ጥሬው ቅጅ በሌላ ማኅደር፣ እንዳይነካ ሆኖ ተቀምጦ ስለነበር የጠፋ ነገር የለም። ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀረጻው በአንድ ማይክሮፎን የተሠራ ስለሆነ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ ሁለቱን ስደምራቸው ድምፅዋ ሲጠናከር የተለያየው ሹሹታ በመጠኑ ዝቅ አለ። ከዚህ በላይ አልሄድም። ሹሹታ ሰምቶ የማያውቅ ጆሮ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል።

ኅዳር 15

የካሴት 14 መጨረሻ አስቸግሮኛል። ከ19ኛው ደቂቃ በኋላ የአያቴ ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ የትንሽ ልጅ ይመስላል፣ ወፍጮውም ይሮጣል። ምክንያቱ ባትሪ ነው። መንዝ መብራት አልነበረም። ባትሪው ሲደክም ቴፑ ክሩን አዝግሞ ይጎትታል፤ አዝግሞ የተቀዳው ደግሞ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ይቸኩላል። የመብራቱ እምምታ በሌለበት ቦታ የሰዓት ምስክርም የለም።

እናቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት። እስከዚያ ቀን አላሰማኋትም ነበር፤ አስተካክዬ ላሰማት ፈልጌ። ስትሰማ ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። 20ኛው ደቂቃ ሲያልፍ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ይህቺ እሷ አይደለችም። እናቴ እንዲህ አትቀጥንም።»

«ባትሪው አልቆ ነው እማዬ። የት ድረስ ዝቅ እንደማደርገው አንቺ ንገሪኝ።»

ኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነትን ከመነሻ ወደ መድረሻ ቀስ በቀስ እየለወጠ የሚሄድ መሣሪያ አለ። መነሻውን ዜሮ አድርጌ መድረሻውን ሞከርን። ሦስት በመቶ፤ «ገና ናት» አለች። ዘጠኝ፤ «አሁን ደግሞ አረጀች፤ ያኔ አላረጀችም ነበር።» ሰባት ላይ ዝም አለች። ድጋሚ አሰማኋት። ጣቷ ጉልበቷ ላይ ከመጁ ጋር ይሄዳል፤ ወደ ፊት ረጅም፣ ወደ ኋላ አጭር። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። በማኅደሩ መግለጫ ላይም «ከ19ኛው ደቂቃ ጀምሮ ፍጥነቱ የተስተካከለው በልጅዋ ጆሮ ነው» ብዬ አሰፈርኩ፤ ወደ ፊት የሚያገኘው ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

ከዚያ እናቴ አንጎራጎረችው፤ አብራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ግጥሙን ሁሉ ታውቀዋለች። እርሷንም ቀዳኋት።

ኅዳር 22

መብራት በመሐል ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፤ ዴኩ ግን ካሴቱን እንደ ነከሰ ቆመ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ማቆሚያውን መጫን ያስፈልጋል፤ የጎማው ጥቅልል ክሩን ተጭኖት ካደረ ሁለቱም ላይ ምልክት ይቀራል። ሌላው የተማርኩት፦ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሲቀዳ የራሱን እምምታ ይጨምራል። ነቅዬ በባትሪ ብቻ ስሠራ ጠፋ። ስለዚህ አሁን ቀኑን አስሞላለሁ፣ ማታ ነቅዬ እቀዳለሁ።

እስካሁን 31 ካሴት። ሁለት ቅጅ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው እኅቴ ዘንድ። የፋይሉ ስም ከካሴቱ ቁጥር ይጀምራል፣ ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ ቀኑ የታወቀ ከሆነ ቀኑ።

ታኅሣሥ 6

ካሴት 58። ጽሑፍ የለውም፤ የ60 ደቂቃ ነው።

ከካርቱም የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ስልክ ውድ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ካሴት በመንገደኛ እጅ ይላካል። የሚናገረው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ነው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሥራው፣ አብረውት ስለሚኖሩ ልጆች ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ «ሰምታችሁ ስትጨርሱ በዚሁ ላይ ቅዱና መልሱልኝ፤ እዚህ ባዶ ካሴት ውድ ነው» ይላል። ይህ ካሴት ሲመላለስ ከርሟል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ መልስ የፊተኛውን እያጠፋ።

አጎቴ በ26ኛው ደቂቃ ተሰናበተ። ከዚያ ዝምታ። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቁሜ ካሴቱን አገላብጠው ነበር። አሁን ግን ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ማንኛውንም ካሴት አላቆምም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ሹሹታ ብቻ። ወደ 29ኛው ደቂቃ ሲጠጋ «ጠቅ» አለና የሴት ድምፅ ከዐረፍተ ነገር መሐል ጀመረ።

እናቴ ናት። ወጣት ናት። አጎቴ ሳይደርስበት የተረፈው የእርሷ የቀድሞ መልስ ጅራት። «...ዘንድሮ ዝናቡ ደኅና ነው፣ እማማም ደኅና ናት፣ አታስብ ብላሃለች። ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሯል» ትላለች። ልጁ እኔ ነኝ። ከጀርባዋ አንድ ነገር ወድቆ ይንኮታኮታል፤ አባቴ ከሩቅ «ክሩ ሊያልቅ ነው» ይላታል። «እሺ፣ እሺ፤ እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን፣ ራስህን ጠብቅ፣ ልብስህን...» ክሩ አለቀ። 44 ሰከንድ።

ከሥሩ የመብራት እምምታ አለ። ለካሁት፤ በ150 ፈንታ 147። ቴፑ ሁለት በመቶ ፈጥኖ ነበር የቀዳው፤ በዚያው ልክ አስተካከልኩት።

እናቴን ጠርቼ አሰማኋት። ሁለት ጊዜ ሰማችው።

«ይህን የቀዳነው ኩሽናው በር ላይ ነው» አለች። «ሶኬቱ እዚያ ብቻ ነበር። የወደቀውም የቡና ረከቦቱ ነው፤ አንተ ነህ የጣልከው።» ቆየት ብላ ደግሞ «ልብስህን አጥበህ ልበስ ልለው ነበር» አለችኝ።

ካሴቱን ከዴኩ አወጣሁት። ሽፋኑ ላይ ቁጥሩን፣ «ካርቱም» እና የእናቴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ በጀርባው በኩል ያሉትን ሁለቱንም ጥርሶች በካቻቢቴው ጫፍ ሰበርኳቸው።